ኩንታሉን የሚያነሳው ጉልበት ነው ወይስ ዳሌ?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ በዚህ ጥያቄ የውይይት ክሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከቤቴ ብዙም በማይርቅ አነስተኛ ስፖርት ቤት በሳምንት ሦስት ቀን ብረት እሠራለሁ። ክብደቴ 74 ኪሎ ነው። ባሩን፣ ክብደት የሚሰካበትን የብረት ዘንግ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቁጢጥ ብዬ የምነሳበት ስኳት 100 ኪሎ ላይ፣ ከመሬት የማነሳው ዴድሊፍት ደግሞ 120 ላይ ከቆመ ወራት አልፈዋል። 100 ኪሎ አንድ ኩንታል ነው። ኩንታል ተሸክሞ መነሳት የቻለ ሰው በእኛ አገር ወንድ ይባላልና ቁጥሩን ስደርስበት ደስ ብሎኝ ነበር፤ እዚያው ተቸክሎ ሲቀር ግን ያበሳጨኝ ጀመር። ስኳት ላይ ከታች ስነሳ ጉልበቶቼ ወደ ውስጥ ይጠጋጋሉ፣ መቀመጫዬ ቀድሞ ይነሳል፣ ደረቴ ወደ መሬት ይደፋል። ዴድሊፍት ላይ ባሩ ገና ከመሬት ሳይለቅ ወገቤ ይጎብጣል።

ይህንን ብቻ ጽፌ ብተወው ክሩ በሦስት መልስ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ነገር ጨመርሁበት። ቋንቋችን አሳስቶናል አልሁ። አማርኛ ብርታትን የሚጠራው በጉልበት ስም ነው፤ ጉልበተኛ እንላለን፣ የጉልበት ሥራ እንላለን። ሥራ ሲከብድ ደግሞ ወገብን ጠበቅ ማድረግ ነው ምክራችን። ዳሌ የሚነሳው በዘፈን ነው፤ እሱም የሴት ዳሌ። ስለዚህ ከባድ ነገር ስናነሳ ጉልበታችንንና ወገባችንን እያሰብን በመካከላቸው ያለውን ዋናውን አንቀሳቃሽ ረስተነዋል ብዬ ደመደምሁ። ከዚያም ዳሌዬን በምን ላጠንክር፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ኪሎ ስል ጠየቅሁ። የመጣልኝን መልስ በተራ ቁጥሩ እተርካለሁ፤ ቃል በቃል ግን አልገለብጥም።

1ኛው መልስ ከደብረ ሲና ነበር፤ ሰላምታው ብቻ ሦስት መስመር ወሰደ። ስለ ቋንቋ ያልሁትን አደነቀና ወደ ብረት ከመሮጤ በፊት መሬት ላይ እንድጀምር መከረኝ። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ተረከዝን ወደ መቀመጫ አስጠግቶ ዳሌን ወደ ላይ መግፋትና ላይ ትንሽ መቆየት። ይህንን ሃያ ጊዜ ወገቡን ሳያጎብጥ መሥራት ያልቻለ ሰው ዳሌው ላይ ባር የሚጭንበት ምክንያት የለም ባይ ነው።

2ኛው መልስ የአንድ አዛውንት ነበር፤ ዕድሜያቸውን የገመትሁት ከፊደል አጣጣላቸው ነው፣ ሀሌታው ሀና ሐመሩ ሐ በየቦታቸው ነበሩ። አማርኛን በከንቱ ከሰስኸው አሉኝ። ፈረስና በቅሎ ገበያ የዋለ ሰው ጥርሱን ካየ በኋላ ዞሮ የሚመለከተው ታፋውን ነው፤ አቀበት የሚወጣ እንስሳ ጉልበቱ ከኋላው እንደሆነ የሸዋ ገበሬ ያውቃል። ታፋ የሚለውን ቃል ረስቼ ዳሌ ላይ ብቻ ተንጠልጥዬ እንደሆነ በትሕትና አስታወሱኝ። አፌን ያዝሁ።

3ኛው ሰው ስሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ብቻ ጠየቀኝ። አልሰጠሁትም፤ ስልኬን ይዞ የሚቀርጸኝ ሰው ስፖርት ቤቱ ውስጥ ፈልጌ ማግኘት ያሳፍረኛል።

4ኛው መልስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ረጅም ነበር፤ ርዝመቱ ግን ይገባዋል። መቀመጫ ላይ ያለው ትልቁ ጡንቻ ከሰውነት ጡንቻዎች ሁሉ ትልቁ እንደሆነና ዋና ሥራው የታጠፈ ዳሌን ማቃናት መሆኑን አስረዳ። በዳሌ ጎን፣ ከፊላቸው ከእሱ ሥር ያሉት መካከለኛውና ትንሹ የመቀመጫ ጡንቻዎች ደግሞ በአንድ እግር ስንቆም ዳሌያችን ወደ ሌላው ጎን እንዳይወድቅ ይይዛሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን የውስጥ ጭንን ትልቁን ጡንቻ ነው አለ፤ ጠልቆ ከተቀመጡበት ስኳት ሲነሱ ዳሌን በማቃናት በኩል ከመቀመጫ ጡንቻ ጋር አብሮ ይደክማል። እስከዚህ ድረስ ለእኔ የሚያግዝ ይመስል ነበር። ቀጥሎ ግን መሠረቴን ነቀለው። መቀመጫዬ ቀድሞ እየተነሳ ደረቴ ከተደፋ ደካማው ዳሌዬ ሳይሆን የፊት ጭኔ ሊሆን ይችላል አለ። የፊት ጭን ሸክሙ ሲከብደው ጉልበት ቶሎ ይቃናና ሥራው ወደ ዳሌና ወደ ጀርባ ይተላለፋል። ዳሌዬ ጥፋተኛ ሳይሆን አዳኝ ነው ማለት ነው። ጉልበቶቼ ወደ ውስጥ መጠጋጋታቸውም በዳሌ ጎን ጡንቻ ድክመት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚቱ ያልተፍታታ ሰውም እንዲሁ ይሆናል። ለመለየት ተረከዜን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ በሚያደርግ ነገር ላይ አድርጌ ስኳት እንድሞክር ነገረኝ፤ ጉልበቴ መስመሩን ከያዘ ችግሩ ታች ነው።

5ኛው መልስ የእኔው ነው፤ ዛሬ ሳነበው አይጥመኝም። የጠየቅሁት ስለ ዳሌ ነው፣ ስለ ጭን ያነሳ የለም ብዬ ጻፍሁ። ሰው ጥያቄውን ሲወድደው መልሱን ይጠላል።

ጠቡን የጀመረው 6ኛው ነው። እህል መጋዘን በር ላይ የሚውል ጫኝና አውራጅ መሆኑን ገለጸና ይህ ሁሉ ወሬ የጥጋብ ነው አለ። እሱ በቀን የሚሸከመውን የገብስና የባቄላ ኩንታል ቁጥር ጠቀሰ። ዳሌ፣ ጭን፣ ቁርጭምጭሚት እያለ ከፋፍሎ ያጠናከረለት እንደሌለ ነገረን። አንድ ኩንታል ላይ ወራት ቆሜያለሁ ለሚል ሰው እሱ ያለው ምክር አንድ ቀን መጋዘን መጥቶ መዋል ነው።

7ኛው በጨዋነት አልመለሰለትም። ኩንታሉን ከመሬት የሚያነሳው እሱ ሳይሆን ሁለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ትከሻው ላይ ጭነውለት ይሄዳል እንጂ ቁጢጥ ብሎ አይነሳም ሲል ነገሩን አቃለለው። ጫኞች አርባ ሳይሞላቸው ወገባቸው እንደሚያልቅም ጨመረ። ይህ መጨረሻ የተናገረው ነገር እውነትም ቢሆን እዚያ ቦታ ላይ መባል አልነበረበትም።

ጫኙ 8ኛውን መልስ የጻፈው በማግስቱ ነው። ተቆጥቶ ይመለሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ሥራውን አስረዳ። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብሁት ይህንን ነው። እውነት ነው፣ ሁለት ሰው ጆንያውን እስከ ወገብ ያነሱታል፤ ሦስተኛው ጀርባውን ሰጥቶ ዝቅ ይልና ሸክሙ ሥር ይገባል፣ ከዚያም ከዝቅታው የሚነሳው ብቻውን ነው። አዲስ ሰው ወገቡን አጉብጦ ስለሚገባ በሳምንቱ ይተኛል። የቆየው ደረቱን ቀና አድርጎ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፍቶ ይገባል፤ ይህንን የሚያስተምረው አሰልጣኝ የለም፣ ቆመው የሚስቁበት ባልደረቦቹ ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ግን መነሳቱ አይደለም አለ። መኪናው ላይ የሚወጣበት ሳንቃ ነው። በተጋደመ ሳንቃ ላይ መቶ ኪሎ ተሸክሞ ሲወጡ በእያንዳንዱ እርምጃ ሸክሙ ሁሉ አንድ እግር ላይ ያርፋል፤ ዳሌው ወደ ጎን የሚወድቅበት ሰው ከነሸክሙ ከሳንቃው ይወርዳል። ስለ ወገቡ የተባለውን አልካደም። አባቱም ጫኝ እንደነበሩ፣ አሁን ከወንበር ሲነሱ እጃቸውን እንደሚደገፉ ጽፎ አቆመ።

9ኛው ፊዚዮቴራፒስቱ ነበር። እሱ በመጽሐፍ ቋንቋ ያስረዳውን የጎን ጡንቻ ሥራ ጫኙ በሳንቃ እንዳስረዳው መሰከረ፤ በአንድ እግር ደረጃ እየወጡ መሥራትም ስፖርት ቤት ውስጥ ከሚታዘዙት አንዱ ነው። 7ኛው ሰው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ዳግመኛም አልጻፈም።

10ኛው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ሆኖ ለእኛ ለደብረ ብርሃኖች የብርድ ምክር ሊሰጥ መብቱ ነው። ከተማችሁ የብርድ ልብስ ፋብሪካ እያላት ቀዝቃዛ ባር ሥር የምትገቡት ለምንድን ነው ብሎ ቀለደብን። ከቀልዱ ሥር ቁም ነገር ነበረ፤ ማለዳ ያልሞቀ ዳሌ ጠልቆ አይቀመጥም። እሱ አሥር ደቂቃ ዳገት ይራመዳል፣ እግሩን ወደፊትና ወደ ጎን ያወዛውዛል፣ ከዚያ ባዶውን 20 ኪሎ ባር ሁለት ዙር ይሠራል። 11ኛው ደግሞ ወደ ፈረሱ መልሶን ስለ ታፋ ከአዛውንቱ ጋር ረጅም ውይይት ጀመረ። ደስ ይል ነበር፣ ለስኳቴ ግን አልጠቀመኝም።

12ኛው የጠየቅሁትን በቀጥታ የመለሰ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ሸዋ ሮቢት የሚኖር አሰልጣኝ። ቆላ ሆኖ ስለ ብርድ መስማት እንደሚያስቀው ጻፈና ወደ ሥራው ገባ። ዳሌ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ ከዋናው ማንሳት በኋላ እንጂ በፊት አይሠራም። በስኳቱ ቀን ጀርባን አርባ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አግዳሚ ላይ አስደግፎ፣ ዳሌው መታጠፊያ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ፣ ባሩን በዚያ ላይ አሳርፎ ዳሌን ወደ ላይ መግፋት፤ ሦስት ዙር፣ በእያንዳንዱ ከስምንት እስከ አሥር። ላይ ሲደርሱ ቅልጥሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አገጭ ወደ ደረት ይመለሳል፣ ሁለት ሰከንድ ይቆያል፤ ከፍ ለማለት ብሎ ወገቡን የሚለጥጥ ሰው የሚሠራው ወገቡን ነው። እኔ በ50 ኪሎ እንድጀምርና ዙሩን ሁሉ ስጨርስ 2.5 እንድጨምር ነገረኝ። በዴድሊፍቱ ቀን ደግሞ የሮማኒያ ዴድሊፍት፤ ጉልበት በጥቂቱ ብቻ ይታጠፋል፣ ባሩ ጭንን እየታከከ እስከ ቅልጥም አጋማሽ ይወርዳል፣ መቀመጫ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁለት እጁ በመሶብ ተይዞ በሩን ከኋላው በመቀመጫው ገፍቶ የሚዘጋ ሰው አስብ አለኝ፤ ከአንድ ወር የመስታወት ትግል በላይ ያገዘኝ ይህ ነው። በመጨረሻም የኋላ እግርን አግዳሚ ላይ ሰቅሎ በፊተኛው እግር ብቻ ቁጢጥ ማለትና ከጉልበት በላይ ላስቲክ አስሮ ወደ ጎን መራመድ። ላስቲክ ከሌለ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ ይሠራል።

ፊዚዮቴራፒስቱ እዚያው ሥር አንድ ነገር አከለ። በፈረንጆች 2023 የወጣ ጥናት ብረት ሠርተው የማያውቁ ሰዎችን ለዘጠኝ ሳምንት ከፍሎ ስኳትና ዳሌ መግፋትን አነጻጽሯል፤ የመቀመጫ ጡንቻ በሁለቱም ተቀራራቢ አደገ፣ ለዴድሊፍትም ሁለቱ ተመሳሳይ አገዙ፣ ጭንን ያሳደገውና ስኳትን የበለጠ ከፍ ያደረገው ግን ስኳቱ ራሱ ነው። ዳሌ መግፋት የስኳት ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም ማለቱ ነበር።

ክሩ መንገዱን የሳተው በ13ኛው ነው። አሰልጣኙ የሮማኒያ ዴድሊፍት ስሙን ያገኘው ከሮማኒያዊው ክብደት አንሺ ከኒኩ ቭላድ እንደሆነ፣ ሰውየው በፈረንጆች 1984 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ወርቅ መውሰዱን በነገራችን ላይ ብሎ ጠቅሶ ነበር። 13ኛው ሰው ከዚያ ሁሉ ምክር ይህችን መዘዘ፤ በዚያ ኦሊምፒክ የምሥራቁ ጎራ ቀርቶ ሮማኒያ ብቻዋን መሄዷን፣ እኛም ከቀሩት መካከል መሆናችንን አስታወሰ። 14ኛው 1976ንና 1988ንም ቆጠረ፤ ምሩፅ ይፍጠር ሞንትሪያል ላይ ሳይሮጥ ቀርቶ በ1980 ሞስኮ 5,000ንም 10,000ንም ማሸነፉን እያነሳ ስንት ወርቅ ቀረብን ሲል ተቆጨ። 15ኛው ግን ዞሮ መንገዱን አገኘው። የሰሜን ሸዋ ሰው ሆናችሁ ጃቶ የተወለደውን አበበ ቢቂላን እንዴት ትረሳላችሁ አለ። በ1964 ቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ እሱ ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩንና ወገቡን ያፍታታ ነበር። ሯጭም ቢሆን ዳሌውን አይረሳም ለማለት ነው። 16ኛው ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ በትሕትና ለመነ።

የመለሰችን 17ኛዋ ናት፤ እንዴት አድርጋ! አንኮበር አድጋ ደብረ ብርሃን የምትሠራ ሴት ናት። እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ ወንዶች መሆናችሁ ያስታውቃል አለች። ዳሌን በዘፈን ብቻ ሰምቻለሁ ያልሁት እንስራ ተሸክሜ ስለማላውቅ ነው፤ ከምንጭ እስከ ቤት ያለውን አቀበት ውኃ አዝላ የወጣች ልጅ ዳሌ ምን እንደሚሠራ በአሥር ዓመቷ ታውቀዋለች። ቀጥላ ስለ ስፖርት ቤት ጻፈች። ዳሌ መግፋት የሚባለውን እንቅስቃሴ ስትሠራ ወንዶቹ ሥራቸውን አቁመው ያያሉ፤ ስለዚህ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ትሄዳለች፣ አግዳሚውን ወደ ጥግ ትስባለች። ክብደቷ 58 ነው፣ በዳሌዋ የምትገፋው 90። እኔ ያን ጊዜ ገና በ50 ጀማሪ ነበርሁ። 18ኛው መልስ ለእሷ የተጻፈ ብልግና ስለነበር የመድረኩ ኃላፊ አጠፋው። ያጠፋው ከሁለት ሰዓት በኋላ መሆኑ ዛሬም ይቆጨኛል።

19ኛው ጾምን አነሳ። ሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሳይነካ ጡንቻ ከየት ይመጣል የሚል ነበር። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር ሲባል፣ በሶ ሲባል፣ አንዱ የሌላውን ጾም ሲፈትሽ ነገሩ ወደ ሃይማኖት ሊያመራ ሆነና ኃላፊው በዚህኛው ፈጥኖ ዘጋው።

20ኛው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ስፖርት ቤትህ ያሉት ክብደቶች ስፋታቸው ስንት ነው? ስድብ መሰለኝ። ማታ ሜትር ይዤ ሄድሁ። 21ኛው መልስ ልኬቴ ነው፤ ከባለ 10 ኪሎ የሚበልጥ ብረት የለም፣ የእሱም ዲያሜትር 28 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ባሩ መሬት ላይ ሲያርፍ መሐሉ ከወለሉ 14 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ሰውዬው ተመልሶ አስረዳኝ። ለውድድር የሚሠሩት ትልልቆቹ 45 ሴንቲ ሜትር ስለሆኑ ባሩ 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ይቀመጣል። እኔ በየሳምንቱ የማነሳው ከዚያ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ ካለ ቦታ ነበር። እንደ እኔ ቅልጥሙ ረጅም የሆነ ሰው እዚያ ሲወርድ ዳሌው የሚታጠፍበትን ጨርሶ ቀሪውን ከወገቡ ይበደራል። ከቤቱ ጀርባ በሲሚንቶ በሞላው የቀለም ጣሳ የሚሠራ ጎረምሳ ሁሉ ይህንኑ ያደርጋል አለኝ፤ እኔም አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ በጣሳ ጀምሬአለሁ።

22ኛው ይህን ሁሉ ሲያነብ ቆይቶ ኖሮ፣ አንድ ሰው ሁለት ጣውላ ለማስቀመጥ ሃያ መልስና የኦሊምፒክ ታሪክ አስፈለገው ሲል ተሳለቀ። አልመለስሁለትም። ጣውላውን ግን ገዛሁ፤ የባሕር ዛፍ፣ እያንዳንዱ 4 ሴንቲ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት።

23ኛውን መልስ የጻፍሁት ከስምንት ሳምንት በኋላ ነው። ዴድሊፍት 130፣ ወገቤ ሳይጎብጥ። ስኳት 105፤ አምስት ኪሎ ብቻ ነው፣ ግን ደረቴ አይደፋም። አሰልጣኙ ያዘዘውን ሁለት ቀን ሠርቻለሁ፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ያለውንም፣ ኩራቴን ውጬ፣ ተረከዜን ከፍ አድርጌ የፊት ጭኔን ጨምሬአለሁ። ሯጭ ጫማዬን አውልቄ ተረከዙ በማይሰምጥ ሸራ ጫማ ተክቼአለሁ። ከእነዚህ የትኛው እንደሠራ ጠየቅሁ። ፊዚዮቴራፒስቱ አራት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ይህንን ጥያቄ የመጠየቅ መብት የለውም አለኝ። ለአዛውንቱም ታፋን ስለረሳሁ፣ ለእህታችንም ስለ ዘፈኑ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸው መረቁኝ፤ እሷ ዝም አለች።

24ኛው ጫኙ ነበር። ተመልሶ ይመጣል ብዬ አላሰብሁም። ምሳ ሰዓት ላይ ጀርባውን በተደረደረ ጆንያ አስደግፎ፣ ግማሽ ኩንታል ባቄላ ዳሌው ላይ አስቀምጦ እንደሞከረ ጻፈ። ባልደረቦቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አንዱ ግን ተራውን ጠየቀ። ጥያቄው ይህ ነው፤ ሥራው መቀመጫው ላይ ሳይሆን የኋላ ጭኑ ላይ ይሰማዋል፣ ሊቆረጥም ይደርሳል፣ ምን አጠፋ?

25ኛው መልስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጣ። ፊዚዮቴራፒስቱ እግሮቹን በጣም አርቆ እንደተከለ ገመተ፤ ተረከዙን አንድ ስንዝር ወደ መቀመጫው እንዲያስጠጋ፣ ላይ ሲደርስ ቅልጥሙ ቀጥ ብሎ መቆሙን ጓደኛው ከጎን ሆኖ እንዲያይለት ነገረው። ጆንያው እንዳይንሸራተት ደግሞ በሁለት እጁ ጫፎቹን ይያዝ፤ ባቄላ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል።